ቢላዋውን ለዘበኛው ማን አስያዘው?

ጠረጴዛዬ ላይ 23 ጽሑፎች ተደርድረዋል። ሁሉም የተጻፉት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ «የልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻ ስንሠራ ምን ተማርን?» በሚል። ጸሐፊዎቹ በአንድ የማታ ማሠልጠኛ ለስድስት ወር የፊልም ሥራ አብረውኝ የተማሩ ወጣቶች ናቸው። ከ23ቱ አንዱ የራሴ ነው። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ አለኝ፤ አልፎ አልፎም በየመጽሔቱ እጽፋለሁ። በዚህ የተነሣ «አንተ እርማቱን ሠርተህ ለምረቃችን ዕለት በትንሽ ጥራዝ አውጣልን» ተባልኩና ክምሩ እጄ ገባ። ሁለት ሌሊት አነበብኩት። በሦስተኛው ቀን የእርማት ብዕሬን አስቀምጬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ምክንያቱን ልናገር። ከ23ቱ 22ቱ ይዋሻሉ። የኔው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ውሸታም ነው።

ውሸት ስል ያልሆነ ነገር ተጽፏል ማለቴ አይደለም። የተጻፈው ሁሉ ሆኗል። ካሜራው ከታች ወደ ላይ ያነሣው ሰውየው ግዙፍ ሆኖ እንዲታይ ነው፤ እውነት ነው። ሰማያዊ ብርሃን የተጠቀምነው ሌሊቱ ቀዝቃዛ እንዲመስል ነው፤ ይህም እውነት ነው። የቡድን ሥራ መቻቻልን አስተምሮናል ተብሏል፤ ይህንንስ ለጊዜው እውነት ነው እንበል። ነገር ግን ከሠራነው ሥራ ውስጥ ትልቁ ነገር በአንዱም ገጽ ላይ የለም። ቤቱ ተቃጥሎ ሳለ ስለ መጋረጃው ቀለም የሚያወራ ሰው ሐሰት ተናገረ አይባልም። እውነትም ተናገረ አይባልም።

አንባቢ ይከተለኝ ዘንድ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

የተሰጠን መልመጃ የራሳችን ፈጠራ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚያጠናቅቁ የሚዲያ ተማሪዎች፣ ኦ.ሲ.አር. በተባለው የፈተና ድርጅት ሥር፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ሲሠሩት የኖሩት ነው። ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ የአንድ አዲስ ልቦለድ ፊልም መክፈቻ፣ ከነርዕሱና ከነስም ዝርዝሩ ይቀርጻሉ። አብዛኞቹ ልብ አንጠልጣይ መምረጥ ይወዱ ነበር። ቀርጸው ሲጨርሱ ሰባት ጥያቄዎች ይመልሳሉ። የዘውጉን ልማድ እንዴት ተጠቀማችሁ ወይም ተገዳደራችሁ? ሥራችሁ የተለዩ የኅብረተሰብ ክፍሎችን እንዴት ያሳያል? የትኛው ድርጅት ሊያሠራጨው ይችላል? ተመልካቹ ማን ነው? እንዴት ሳባችሁት? ስለ ቴክኖሎጂ ምን ተማራችሁ? ከመጀመሪያው የሙከራ ሥራችሁ ወዲህ ምን ያህል ተሻሻላችሁ? አስተማሪያችን እነዚህን ሰባት ጥያቄዎች በአማርኛ መልሶ፣ በአንድ ወረቀት ላይ አባዝቶ አደለን።

መልመጃው መጥፎ አይደለም። ተማሪን ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ሥራ ማለት ማስጨነቅ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ግን ይቻላል። በተለይ ሁለተኛውን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። ማንን እንዴት አሳያችሁ? ይላል። ጥያቄው በወረቀቱ ላይ በጉልህ ተጽፎ ነበር። ስለዚህ «ማንም አልጠየቀንም» ብለን ማምለጥ አንችልም።

አሁን ወደ ሠራነው ሥራ ልምጣ።

አራት ቡድን ነበርን። አራት መክፈቻ ሠራን። የመጀመሪያው ቡድን ገዳይ በከተማው የሚንከራተት የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። የሁለተኛው ቡድን ገዳይ ፊቱ አይታይም፤ የክራንቹ ድምፅ ብቻ በኮሪደሩ ላይ ቋ ቋ ይላል። የሦስተኛው ቡድን ገዳይ ቡና ውስጥ አንዳች ነገር የምትጨምር የቤት ሠራተኛ ናት። የአራተኛው፣ ማለትም የኛ ቡድን ገዳይ፣ የኮንዶሚኒየም ዘበኛ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ዝርዝሩን ደግመህ አንብበው። ሕመምተኛ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ሠራተኛ፣ ዘበኛ። ከአራቱ ገዳዮች መኪና ያለው የለም። ከረባት ያሰረ የለም። ቢሮ ያለው፣ ፊርማው የሚሠራ፣ ስልክ ደውሎ ነገር የሚያስፈጽም አንድም የለም። አራት ቡድን ሳይመካከር አራት ገዳይ መረጠ፤ አራቱም በየቀኑ በር ከሚከፍቱልን፣ ቡና ከሚያፈሉልን፣ በመንገድ ላይ ዓይናችንን ከምንሰብርባቸው ሰዎች መካከል ሆኑ። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ 22ታችንም በሚገርም ስምምነት አንድ መልስ ጻፍን፤ «ሥራችን ወጣቶችን ያሳያል»። ከመካከላችን አንዷ ብቻ ሌላ ጻፈች፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

የኛ ቡድን ታሪክ አጭር ነው። ልጅቷ ማታ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ትገባለች። ደረጃውን ትወጣለች። ኮቴ ትሰማለች። ትቆማለች፤ ኮቴውም ይቆማል። ስልኳ ከእጇ ያመልጣል። ከጨለማው ውስጥ መጀመሪያ ቢላዋ፣ ቀጥሎ ፊት ይወጣል። ጥቁር። ርዕስ። 1 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ።

ለፊቱ ተዋናይ አጣን። በዚህ ጊዜ አንዱ የቡድኑ አባል «የብሎኩ ዘበኛ አሉ አይደል እንዴ! ጉንጫቸው ላይ ጠባሳ አለ፣ ካፖርታቸውም የድሮ የወታደር ነው፣ ምንም ሜካፕ አያስፈልግም» አለ። ሁላችንም አጨበጨብን። ሐሳቡን ያመጣው ያ አባል እኔ ነኝ።

ዘበኛው በስድሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ፣ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። የብሎኩ እናቶች ቁልፋቸውን እሳቸው ዘንድ ትተው ይወጣሉ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ሕፃናት ከሰርቪስ የሚያወርዷቸው እሳቸው ናቸው። 300 ብር ሰጠናቸው። ከጓደኛችን ኩሽና ያመጣነውን የሽንኩርት ቢላዋ አስያዝናቸው።

«ምን ላድርግበት?» አሉ።

«ምንም አያድርጉ፣ አባባ» አልኳቸው። «ዝም ብለው ይቁሙ። ፊትዎ ብቻ ይበቃል።»

ይህን አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት። በዚያች ደቂቃ አንድም ነገር አልተሰማኝም። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ካፖርታቸውን አስተካከሉና ቆሙ። ሦስት ጊዜ ቀረጽን። በሦስተኛው ላይ ፈገግታቸውን እንዲተዉ ነገርናቸው።

ሥራው በማሠልጠኛው ታየ፤ ተጨበጨበለት። ከዚያም እንደ ዘመኑ ወግ ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተ። ብሎኩ ደረሰ። ሕፃናቱ አዩት። መጀመሪያ ጨዋታ ነበር፤ «ገዳዩ መጣ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ ሽማግሌውም አብረው ይስቃሉ። ቀጥሎ አንድ ትንሽ ልጅ ከሰርቪስ አልወርድም ብሎ አለቀሰ። ቀጥሎ እናቱ ቅሬታ አቀረበች። በመጨረሻም ዘበኛው የቀን ተራቸው ቀርቶ ሌሊት ብቻ እንዲጠብቁ ተወሰነ። የቀን ተራ ማለት ለእሳቸው ዕቃ ተሸክሞ ከነዋሪው የሚገኝ ጉርሻ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ጤፍ የሚያስጭን ሰው የለም።

አንድ ማታ በሩን ሲከፍቱልኝ «ልጄ፣ ያንን ነገር ከየሰው ስልክ ላይ ማጥፋት ይቻላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይቻልም፣ አባባ» አልኳቸው።

«እንግዲህ እግዜር ያጥፋው» ብለው በሩን ዘጉ።

ይህ ሁሉ የሆነው ጽሑፎቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ነው። የቡድናችን አባላት በሙሉ ያውቁ ነበር። ስድስታችንም ስለ ሰማያዊ ብርሃን ጻፍን።

ነገሩን በክፍል ውስጥ ባነሣሁት ጊዜ ሦስት መከላከያ ቀረበልኝ። ሦስቱንም ከልብ አዳምጫለሁ። ሦስቱም አይቆሙም።

የመጀመሪያው «ዘውጉ ነው የሚጠይቀው» የሚል ነው። ልብ አንጠልጣይ ጨለማ ይፈልጋል፣ ቢላዋ ይፈልጋል፣ አስፈሪ ፊት ይፈልጋል ተባልኩ። ይህን የሚል ሰው የዘውጉን ትላልቅ ሥራዎች አላየም፤ ወይም አይቶ አላስተዋለም።

የጀርመኑ ፍሪትዝ ላንግ በ1931 እ.ኤ.አ. «ኤም» የተባለውን የመጀመሪያ ድምፅ ያለው ፊልሙን ሠራ። በበርሊን ሕፃናትን የሚገድል ሰው አለ። በመክፈቻው አንዲት እናት ምሳ አቅርባ ልጇን ከትምህርት ቤት ትጠብቃለች። ልጅቷ በመንገድ ኳሷን ግድግዳ ላይ እያነጠረች ትመጣለች፤ ኳሱ የሚያርፈው ነፍሰ ገዳዩን ለጠቆመ ሽልማት ይሰጣል በሚለው ማስታወቂያ ላይ ነው። በማስታወቂያው ላይ የአንድ ሰው ጥላ ያርፋል። ሰውየው ከዓይነ ስውሩ ሻጭ ፊኛ ይገዛላታል፤ ያፏጫል። ፊቱን አናይም። ከዚያ እናትየው በጭንቀት ስሟን ትጠራለች። ላንግ የሚያሳየን ባዶ ደረጃ ነው። ባዶ የልብስ ማስጫ ሰገነት ነው። ያልተነካ ሳህን ነው። ኳሱ ከቁጥቋጦ ውስጥ ተንከባልሎ ይወጣና ይቆማል፤ ፊኛው የስልክ ሽቦ ላይ ተጠላልፎ ይንቀጠቀጣል። አለቀ። ደም የለም፣ ቢላዋ የለም፣ ጠባሳ ያለበት ፊት የለም። እኛም እኮ ደረጃ ነበረን! የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ከበርሊኑ ደረጃ በምን ያንሳል? ባዶውን ደረጃ ማመን ስላቃተን ሽማግሌ አቆምንበት። ላንግ ሌላም ነገር አድርጓል። በኋላ ገዳዩን በፉጨቱ የሚለየው ያው ዓይነ ስውር ሻጭ ነው። እኛ ክራንቹን ማስፈራሪያ ስናደርግ፣ ላንግ ማየት የተሳነውን ሰው ሌላው ያላወቀውን አዋቂ አደረገው።

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 እ.ኤ.አ. «ሳይኮ»ን የከፈተው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከተማው ፊኒክስ፣ ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከ43 ደቂቃ እንደሆነ በጽሑፍ ይነግረናል። ካሜራው በከተማው ላይ ተንሸራትቶ በአንድ ሆቴል መስኮት ይገባል። ውስጡ ያለው በገንዘብ እጦት መጋባት ያልቻሉ ሁለት ፍቅረኞች ናቸው። ሰውየው ዕዳ አለበት። ይኸው ነው መክፈቻው። ሴትዮዋ በኋላ 40,000 ዶላር ይዛ ስትሰወር ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ገዳዩስ? ትሑት፣ አፋር፣ ፈገግታው የሚማርክ፣ ሳንድዊች የሚያቀርብ ወጣት ነው። ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚፈራው ጎረቤቱን እንዲሆን ተደረገ።

ጆን ካርፔንተር በ1978 እ.ኤ.አ. በሠራው «ሃሎዊን» ደግሞ መክፈቻው በሙሉ በገዳዩ ዓይን ይታያል። በመስኮት ያያል፣ ወደ ቤት ይገባል፣ ከመሳቢያ ቢላዋ ያወጣል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ጭንብል ያጠልቃል፣ አንዲት ልጃገረድ ይገድላል። ወደ ደጅ ሲወጣ ወላጆች ከመኪና ይወርዱና ጭንብሉን ያነሡታል። ጭንብሉ ሥር ያለው የስድስት ዓመት ልጃቸው ነው፤ የገደለው እህቱን ነው። ካርፔንተር ለአገሩ ሰው «ከደህናው ሰፈራችሁ፣ ከገዛ ሳሎናችሁ ፍሩ» አለው። እኛ ለአገራችን ሰው ያልነው «በር የሚከፍትልህን ድኻ ፍራ» ነው። እንግዲህ የዘውጉን ልማድ ጠበቅን የምንል ከሆነ የትኛውን ልማድ ነው የጠበቅነው?

ሁለተኛው መከላከያ «መሣሪያ የለንም፤ ሁለት ደቂቃም አይበቃም» የሚለው የዘወትር ለቅሶ ነው። ከ23ቱ ጽሑፎች 19ኙ ላይ አለ። ለመሆኑ መሣሪያ ያለው ምን አደረገ? ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 እ.ኤ.አ. «ጆውስ»ን ሲሠራ ሜካኒካዊ ሻርክ ተሠርቶለት ነበር፤ የባሕሩ ጨው ውኃ እያበላሸው አስቸገረው። ሻርኩን ትቶ ውኃውን፣ የልጅቷን ጩኸትና የጆን ዊሊያምስን ሁለት ኖታ ይዞ ቀጠለ። በመክፈቻው ሻርክ የለም። ዓለምን ከባሕር ያስሸሸው ያ የሌለው ሻርክ ነው። «ሃሎዊን»ም በ300,000 ዶላር አካባቢ የተሠራ፣ በሆሊውድ ሚዛን የድኻ ፊልም ነው፤ ሙዚቃውን ዳይሬክተሩ ራሱ ነው የደረሰው። ሁለት ደቂቃ አነሰ ለሚለውም፣ ኦርሰን ዌልስ በ1958 እ.ኤ.አ. በ«ተች ኦፍ ኢቪል» መክፈቻ ላይ ያደረገውን ይመልከት። አንድ ሰው ፈንጂውን ሞልቶ የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ባልና ሚስት ይመስላሉ የምንላቸው ሁለት ሰዎች ይሳፈራሉ፤ ካሜራው ሳይቆረጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይከተላቸዋል፤ እኛ ብቻ እናውቃለን። ሂችኮክም ለፈረንሳዊው ትሩፎ ያስረዳው ይህንኑ ነበር። ከጠረጴዛ ሥር ያለ ፈንጂ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል፤ ፈንጂው መኖሩን አስቀድሞ ቢያውቅ ግን ለ15 ደቂቃ ይጨነቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ማሰብ ነው። ማሰብ ደግሞ በኪራይ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ላልተሠራ ሥራ ካሜራን መክሰስ፣ ዳገት ላይ ሰው ጠፋ ቢሉ መንገዱን እንደመርገም ነው።

ሦስተኛው መከላከያ «ፊልም ነው እንጂ እውነት አይደለም» የሚል ነው። ይህን የነገረኝ ልጅ ቸር ልጅ ነው፤ ማንንም መጉዳት አይሻም። ነገር ግን ከሰርቪስ አልወርድም ያለው ሕፃን ይህን አያውቅም። የሕፃኑ እናት ታውቃለች፤ አውቃም ቅሬታ አቀረበች። ምስል ከተመልካቹ እውቀት ጋር አይከራከርም፤ በጓሮ በር ይገባል። እኛ ያስፈራን ዘንድ ተማርን እንጂ ያስፈራነውን ሰው መልሶ መውሰድ አልተማርንም።

እዚህ ላይ አንዳንድ የተማሩ ሰዎች «ልብ አንጠልጣይ ድሮም ተራ ነገር ነው፤ ምን ያስጨንቅሃል?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልስማማም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲታተም አንባቢውን ልቡን አንጠልጥሎ ነበር የያዘው፤ ሰላይ አለበት፣ ሴራ አለበት፣ ፍቅር አለበት። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ልብ ማንጠልጠልን ተራ ነገር ነው የሚል ይህን ያስታውስ። በዓሉ ፍርሃትን ኃይል ባለበት ቦታ ነበር የፈለገው። እኛ ኃይል በሌለበት ቦታ ፈለግነው፤ ማንም ስለማይቆጣን።

በልጅነታችን ማታ ማታ እንቆቅልሽ እንጫወት ነበር። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» ይባላል። ጠያቂው ይጠይቃል፣ ተጠያቂው ይጨነቃል፣ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ስለ ልብ አንጠልጣይ መክፈቻ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየትም አላገኘሁም። ጨዋታው አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፤ ጠያቂው መልሱን ያውቃል። መልሱን ሳያውቅ የሚጠይቅ ልጅ ሌባ ነው፤ አገር ተቀብሎ ባዶ እጁን ያሳያል። የኛን መክፈቻ አስተማሪው ካየ በኋላ «ዘበኛው ልጅቷን ለምን ይገድላታል?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ስድስታችንም ተያየን። ምክንያት አልነበረንም። ገዳይ ያደረግነው ገዳይ ስለመሰለን ብቻ ነው። ምክንያት ብንፈልግለት ኖሮ ስለ ሰውየው አንድ ነገር ማወቅ ነበረብን፤ አንድ ነገር ብናውቅ ደግሞ ቢላዋውን ባላስያዝነውም ነበር። የጉንጫቸውን ጠባሳ ምንነት የጠየቅኳቸው ከወራት በኋላ ነው። ልጅ ሳሉ በአውድማ ላይ በሬ ወግቷቸው ነው።

አሁን ወደዚያች አንድ ጽሑፍ ልመለስ። የጻፈችው በሦስተኛው ቡድን ውስጥ የነበረች ዝምተኛ ልጅ ናት። ገጽ ተኩል ብቻ ነው፤ የፊደል ግድፈት ሞልቶታል። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ስትመልስ «ሥራችን የቤት ሠራተኞችን ክፉ አድርጎ ያሳያል። እናቴ ሠራተኛ ነበረች። በቡድኑ ውስጥ ይህን ለመናገር አፈርኩ» ብላለች። ቀጥላም ለቡድኗ አቅርባው ውድቅ የሆነውን የራሷን ሐሳብ ጽፋለች። አንዲት ሴት ማታ ብቻዋን ወጥ ትሠራለች። መብራት ይጠፋል። ሻማ አትፈልግም፤ ለምዳዋለች፤ በጨለማ ማማሰሏን ትቀጥላለች። መብራት ይመጣል። በሩ ተከፍቷል። «እኔ የመብራት መጥፋት አያስፈራኝም፤ ያስፈራኝ ተመልሶ ሲመጣ ያየሁት ነው» ትላለች። ቡድኑ «እንዲህ ዓይነት ነገር በውጭ ፊልም ላይ የለም» ብሎ ጣለው።

እውነት ነው፣ የለም! ለዚህ እኮ ነው ሊሠራ የሚገባው። ይህች ልጅ ከ22ታችን በላይ ላንግን ገብቷታል፤ ምናልባት ስሙን ሰምታ አታውቅም። ፍርሃትን በምናውቀው ቤት፣ በምናውቀው ሰዓት፣ በምናውቀው ድምፅ ውስጥ ፈለገችው። የኛ አገር ፍርሃት ሞልቷል። ዘወትር እሑድ ከሪያድ የምትደውል እህት አንድ እሑድ አልደወለችም፤ በሚቀጥለው እሑድ ስልኳን የማታውቀው ወንድ አነሣው። ይህ መክፈቻ ነው። የቤት ኪራይ ውሉ ላይ ያለው ፊርማ ያንተ ነው፤ ግን አልፈረምክም። ይህም መክፈቻ ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2006 ዓ.ም. ባሳየን «ድፍረት» የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትሄድ ፈረሰኞች ይመጡባታል፤ ነገሩ የሚሆነው በጠራራ ቀን፣ በሜዳ ላይ ነው። ታሪኩ በ1996 እ.ኤ.አ. በእርግጥ ከደረሰ ጉዳይ የተወሰደ ነው። ተመልካቹ በወንበሩ ላይ የተጨነቀው ጠላፊው አስፈሪ ፊት ስላለው አልነበረም፤ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ነገሩን ወግ ነው ብሎ ስለተቀበለው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ መክፈቻ የሚሠራ ተማሪ መጨረሻውን በአንድ ገጽ ጽፎ ለአስተማሪው ያስረክብ። መልሱን የማያውቅ እንቆቅልሽ አይጠይቅ። አገራችን በመጀመሪያ ሁለት ደቂቃዎች ተጥለቅልቃለች፤ በፊልም ብቻም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሰባቱ ጥያቄዎች ይቆዩ፤ ሁለተኛው ግን መጀመሪያ ይመለስ፤ ያውም ካሜራ ከመነሣቱ በፊት። ገዳዩ ማን ነው? ለምን እሱ? እሱን ገዳይ በማድረጋችን የሚቆጣን ሰው አለ? የሚቆጣን ከሌለ ምናልባት የመረጥነው መቆጣት የማይችል ሰው ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ስምንተኛ ጥያቄ ይጨመር። ሥራው ለተመልካች ከመታየቱ በፊት ፊቱን ላዋሰው ሰው ታይቷል ወይ? ምንስ አለ? ለሽማግሌው አላሳየናቸውም ነበር። ራሳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በአንድ ሕፃን እጅ ባለ ስልክ ላይ ነው።

ተማሪ ስለ ሥራው የሚጽፈው ነገር ኑዛዜ መሆን የለበትም፤ እኔም እዚህ መናዘዝ አላማረኝም። ግን ሒሳብ መሆን አለበት። ምን ወሰድኩ፣ ከማን ወሰድኩ፣ ምን ከፈልኩ? 300 ብር ከፍለን የወሰድነው የአንድ ሰው ስም መሆኑ በየትኛው ገጽ ላይ ተመዘገበ?

ክምሩን ያለ እርማት መልሻለሁ። ከላዩ አንድ ወረቀት አያይዣለሁ፤ «ሁለተኛውን ጥያቄ ሁላችንም እንደገና እንመልስ፤ የኔን ከሥር አስቀምጫለሁ» ይላል። የልጅቷን ገጽ ተኩል ግን የፊደል ግድፈቱን ብቻ አርሜ፣ ከጥራዙ መጀመሪያ እንዲገባ ጠይቄያለሁ። ምረቃው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እስካሁን የመለሰልኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም «ጥራዙ መቼ ይደርሳል?» ብሎ ነው።

ሽማግሌው አሁንም ሌሊት ይጠብቃሉ። ማታ ስመለስ በሩን ይከፍቱልኛል። ደረጃውን ስወጣ ኮቴዬን እሰማዋለሁ።